ብረትና መስታወት በመካነ ሰላም ደጋ

ቤት የሠራ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ግድግዳው ቆሞ ጣሪያው ከተመታ በኋላ የቤት እመቤት የምትጠይቀው ሁለት ነገር ነው። «በሩ ደኅና ይዘጋል ወይ? መስኮቱስ ብርሃን ያስገባል ወይ?» ትላለች። የመጀመሪያው የብረት ጉዳይ ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ የመስታወት። ብረት ይጠብቃል፤ መስታወት ያበራል። ሁለቱ በሠለጠነ እጅ ሲጋጠሙ ግን ከመጠበቅና ከማብራት አልፈው የጸሎት ቤትን፣ የስብሰባ አዳራሽንና አደባባይን የሚያስጌጡ፣ ለመጪው ትውልድም የሚናገሩ ታላላቅ የጥበብ ሥራዎች ይሆናሉ።

ዛሬ አንባብያንን ይዘን የምንጓዘው ወደ ደቡብ ወሎ ምዕራባዊ ደጋ፣ ወደ ቦረናዋ መካነ ሰላም ነው። «ስለ መስታወትና ስለ ብረት ጥበብ ለመጻፍ ይህን ያህል መንገድ ምን አስኬደ?» የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ታላቁ ሥራ የሚገኘው አዲስ አበባ መሆኑ እውነት ነው፤ እርሱንም ከዚህ በታች እናየዋለን። ነገር ግን ታላቁን ሥራ የሚወልደው እጅ ምን ዓይነት እጅ እንደሆነ፣ እናትም በዚያ እጅ ላይ ምን ድርሻ እንዳላት በግልጽ የሚታየው እንደ መካነ ሰላም ባለች ከተማ ነው።

ከደሴ ወደ ምዕራብ

ከአዲስ አበባ እስከ ደሴ ያለው መንገድ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ደሴ የደረሰ ተጓዥ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ወልድያና ወደ ላሊበላ ይቀጥላል እንጂ ወደ ምዕራብ የሚታጠፈው ጥቂት ነው። ይህ ምዕራባዊ መንገድ በጉጉፍቱ፣ በካቤና በለጋምቦዋ ከተማ በአቀስታ አድርጎ፣ ከደጋ ወደ ውርጭ እየወጣ፣ ተመልሶም እየወረደ ቦረና ይገባል። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ ክልሉ የተሟላ ሰላም ስላላገኘ፣ መንገደኛ ከመነሣቱ በፊት ስለ መንገዱ ደኅንነት መጠየቅ ይገባዋል።

አገሩ በሸለቆ የታጠረ ነው። በሰሜን በሽሎ፣ በምዕራብ ዓባይ ይገድበዋል፤ ከዓባይ ማዶ ያለው ጎጃም ነው። ከመካነ ሰላም ብዙም ሳይርቅ የደንቆሮ ጫካ ይገኛል። ዛሬ የቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ብሔራዊ ፓርክ ተብሎ የተከለለው ይህ ስፍራ፣ በአስታ የተሸፈነ ቁልቁለት፣ የጭላዳ ዝንጀሮና የቀይ ቀበሮ መኖሪያ ነው። በማሳው ላይ ገብስና ባቄላ፣ በግጦሹ ላይ በግ ይታያል። ሰዉ ባናውን እስከ ጆሮው ተከናንቦ ይሄዳል፤ ፀሐይ ሲወጣ ያቃጥላል፤ ሲጠልቅ ደግሞ ብርዱ አጥንት ይሰረስራል።

የአገሩ ቤት የተሠራው ይህን ብርድ ለመከላከል ነው። ድንጋዩ ወፍራም፣ በሩ ጠባብ፣ መስኮቱም ወይ የለም ወይ ከመዳፍ አይሰፋም። ነፋስ እንዳይገባ የተደፈነው ቀዳዳ ብርሃንንም ይከለክላል፤ ጢስም አያስወጣም። የደጋ እናት በቀትር በኩራዝ ወይም በምድጃው ነበልባል ብርሃን ጤፍ ወይም ገብስ ስትለቅም ማየት እንግዳ ነገር አይደለም። ዓይኗን ጢሱ ይለበልባታል፤ ከጀርባዋ ያዘለችው ሕፃንም ያንኑ ጢስ ይተነፍሳል። ለከተማ አንባቢ መስታወት ተራ ነገር ነው። በዚህ ደጋ ላይ ግን አንድ ክንድ መስታወት ማለት ብርሃኑን አስገብቶ ብርዱን የሚያስቀር ታላቅ ሀብት ነው። ለጢሱ ግን መስኮቱ መከፈት አለበት፤ ወይም የጢስ መውጫ ሊሠራለት ይገባል። ስለ ጥበብ ከማውራታችን በፊት ይህንን ማስታወስ ይገባል።

በጣሪያው ጫፍ ላይ

በዚህ አገር ከሩቅ የሚታይ የሰው እጅ ሥራ ቢኖር የጣሪያ ጫፍ ነው። ቀድሞ በሣር ቤት ጫፍ ላይ የተሰበረ ገንቦ ወይም ማድጋ ይደፋ ነበር፤ ዛሬም በገጠሩ ይታያል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ሣሩ ተሰብስቦ የሚታሰርበት ጫፍ ውኃ የሚሰርግበት ቦታ በመሆኑ ክዳን ያስፈልገዋል። በዚህም የሴት ሸክላ ሠሪ ሥራ የቤቱ ዘውድ ሆኖ ኖሯል።

በቤተ ክርስቲያን ላይ ያው ክዳን ከብረት ተሠርቶ ጉልላት ይባላል። መካከሉ መስቀል ነው፤ ዙሪያውን በተቆረጠና በተጠቀለለ ብረት ያጌጣል፤ በቅርንጫፎቹ ጫፍም የሰጎን እንቁላል ይሰካበታል። አባቶች ሲያስረዱ ሰጎን ዓይኗን ከእንቁላሏ ላይ አትነቅልም፤ ፈጣሪም ሕዝቡን እንዲሁ ይጠብቃል፣ ምእመንም ልቡን ከጸሎቱ እንዳይነቅል ያስተምራል ይላሉ። እንግዲህ በዚያ ከፍታ ላይ የተሰቀለው ምልክት፣ ልጇን የምትጠብቅ እናት ምልክት ነው ማለት ነው።

በሚቀጥለው ኮረብታ ላይ ደግሞ መስጊድ ይታያል። በሚናሬው ጫፍ ላይ የብረት ጨረቃ ቆሟል። ወሎ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በአንድ ሠፈር የሚኖርበት፣ በሠርግም በለቅሶም የሚረዳዳበት አገር መሆኑ የታወቀ ነው። ጨረቃውም መስቀሉም ዝናብና ነፋስ ችለው እንዲኖሩ የሚያስፈልጋቸው ሙያ አንድ ነው፤ ለክቶ መቁረጥ፣ አስተካክሎ ማጠፍ፣ አጥብቆ መበየድና ከዝገት መከላከል።

ይህ ሙያ በአገራችን ሥሩ ጥልቅ ነው። የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት መስኮቶች መስታወት የላቸውም፤ ነገር ግን በመስቀል ቅርጽ ተፈልፍለው የተወጠነ ብርሃን ያስገባሉ። ቀሳውስት በእጃቸው የሚይዙት የነሐስና የብር መስቀልም በሐረግ የተጠላለፈ፣ ብርሃን በመካከሉ የሚያልፍበት የብረታ ብረት ሥራ ነው። የዛሬው በያጅ በመስኮት ፍርግርግ ላይ የሚያጥፈው ሐረግ የዚያው ዘር ነው።

በከተማው ወርክሾፕ

መካነ ሰላም ስሟ እንደሚናገረው የሰላም ስፍራ ማለት ነው። የቦረና ወረዳ ዋና ከተማ ስትሆን፣ የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ አንዱ ግቢም በዚያ ይገኛል። ዩኒቨርሲቲና ተማሪ በመጣበት ሁሉ ቤት ይሠራል፤ ቤት በተሠራበትም በር፣ መስኮትና አጥር ያስፈልጋል። በዋናው መንገድ ዳር የብየዳ ቤቶቹን ለማግኘት ጠያቂ አያሻም፤ የሞላው ጩኸትና የብየዳው ሰማያዊ ብልጭታ ራሳቸው ይመራሉ።

ከነዚህ በአንደኛው አረፍ ብለን ነበር። ባለቤቱ ዕድሜው ወደ ሃምሳ የሚጠጋ ሰው ነው። ቱቦላሬው በግድግዳው ተደግፏል፤ ላሜራው በአንድ ወገን ተደርድሯል፤ ሞርሳው ከግንድ ላይ ታስሯል። ሚስቱ ሒሳቡን የምትይዝ፣ ፀረ ዝገቱን ቀለም የምትቀባና መስታወቱን በስቱኮ የምታስይዝ እርሷ ናት። «እርሱ ይበይዳል፤ ሥራው ግን ሳልጨርሰው ከዚህ አይወጣም» አለችን እየሳቀች። ለቤተ ክርስቲያን ይሠሩ እንደሆነ፣ ለመስጊድስ ይሠሩ እንደሆነ ስንጠይቅ ባልየው የገረመው ይመስላል። «ብረት ምን ሃይማኖት አለው እቴ! ያዘዘን ሁሉ የእኛው ሰው ነው» አለ። ሚስቱም «ይልቅ ቡናው ሳይቀዘቅዝ ጀባ ልበልዎ» ብላ ጨዋታውን ለወጠችው።

በዚያን ቀን የሚሠራው ለአንድ መኖሪያ ቤት ሳሎን የታሰበ ትልቅ መስኮት ነበር። አሠራሩ ለአንባቢ ይጠቅማልና በአጭሩ እንግለጸው። በመጀመሪያ የግድግዳው ክፍተት በሁለቱም ማዕዘን ይለካል፤ አራቱ ጎን ትክክል ቢመስልም ማዕዘን ለማዕዘን ሲለካ ልዩነት የሚገኝበት ጊዜ ብዙ ነው። ቀጥሎ ብረቱ ተቆርጦ በጠፍጣፋ ቦታ ላይ ይዘረጋል። አንዱ ማዕዘን እስከ መጨረሻው አይበየድም፤ አራቱም በትንሽ በትንሹ እየተነቆጡ ይያዛሉ። አንዱን ጨርሶ የበየደ እንደሆነ ሙቀቱ ብረቱን ይስበውና መስኮቱ ይጣመማል። ከዚያ ጌጡ ይታጠፋል፤ ይሞረዳል፤ ፀረ ዝገት ይቀባል፤ በመጨረሻም መስታወቱ ይገባል።

ብዙ እናቶች «አዲሱ መስኮቴ ማንም ሳይነካው ተሰነጠቀ» ሲሉ ይሰማል። በሠፈርም ነገሩ የቡዳ ዓይን ተደርጎ ይወራል። ምክንያቱ ግን ሌላ ነው። ሁለት ሜትር የሚረዝም ብረት ሙቀቱ በ30 ዲግሪ ሲጨምር ሦስት አራተኛ ሚሊ ሜትር ያህል ይረዝማል፤ ያንኑ የሚያህል መስታወት ግን የሚረዝመው ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ሌሊት ሲበርድ ደግሞ ብረቱ ከመስታወቱ ይበልጥ ይኮማተራል። መስታወቱ ከብረቱ ጋር ተጣብቆ ከገባ፣ በብርድ ሌሊት ብረቱ ይጨምቀውና ይሰነጥቀዋል። ስለዚህ ዙሪያውን ጥቂት ሚሊ ሜትር ክፍተት ትቶ በስቱኮ ወይም በላስቲክ ማስያዝ ያስፈልጋል። ቀኑ በሚያቃጥልበትና ሌሊቱ ውርጭ በሚሆንበት በዚህ ደጋ ይህን ያላወቀ በያጅ ሥራ አይበረክትለትም። «ለብረቱ መተንፈሻ ተውለት» ይላል ባለሙያው ለረዳቱ።

ከዚህ መስኮት እስከ አፍሪካ አዳራሽ

ይህ የብረትና የመስታወት ሙያ በታላቅ መጠን ሲሠራ ምን እንደሚመስል ማየት የሚፈልግ፣ ከመካነ ሰላም ወደ አዲስ አበባ ተመልሶ የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ወደሚገኝበት ግቢ መሄድ ይኖርበታል። በኢጣልያዊው አርክቴክት በአርቱሮ መዜዲሚ ንድፍ የተሠራውና በ1953 ዓ.ም. የተመረቀው አፍሪካ አዳራሽ በዚያ ይገኛል። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም. የተመሠረተው በዚሁ አዳራሽ ነው።

በአዳራሹ ውስጥ ያለው የመስታወት ሥዕል የሠዓሊው የአፈወርቅ ተክሌ ሥራ ነው። አፈወርቅ በ1925 ዓ.ም. አንኮበር ተወለዱ። በልጅነታቸው ወደ እንግሊዝ አገር የተላኩት የማዕድን ምሕንድስና እንዲማሩ ነበር፤ እርሳቸው ግን ወደ ሥነ ጥበብ አዘንብለው በለንደን ስሌድ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተማሩ። ያረፉትም በ2004 ዓ.ም. ነው። በአፍሪካ አዳራሽ የሠሩት ሥዕል በሦስት የተከፈለ ሲሆን ስፋቱ 150 ካሬ ሜትር ነው፤ ባለ 50 ካሬ ሜትር ሦስት ቤቶችን ወለል ይሸፍናል ማለት ነው። አንደኛው ክፍል ያለፈውን የአፍሪካ መከራ፣ ሁለተኛው ትግሉን፣ ሦስተኛው ተስፋውን ያሳያል። በመጀመሪያው ቀዩ፣ በሁለተኛው አረንጓዴው፣ በሦስተኛው ብጫው ቀለም ይጎላል። በተስፋው ክፍል ችቦ የያዙ አፍሪካውያን ወደፊት ሲራመዱ፣ የተባበሩት መንግሥታትን ዓርማ የያዘ የብረት ልብስ የለበሰ ሰውም አብሯቸው ይታያል።

እንዲህ ያለው ሥራ እንዴት ይሠራል? ሠዓሊው በመጀመሪያ በትንሽ ወረቀት ይነድፋል። ያ ንድፍ በመስኮቱ ልክ ይሰፋና በየቁራጩ ቁጥር ይሰጠዋል። እንደ ልብስ ስፌት ነው፤ ወረቀቱ ተቆርጦ በመስታወቱ ላይ ይደረግና መስታወቱ በልኩ ይቆረጣል። ፊትና እጅን የመሰለው ረቂቅ መስመር በልዩ ቀለም ተስሎ በምድጃ ይጋገራል፤ ቀለሙ ከመስታወቱ ጋር ይዋሐዳልና ዝናብ አያጥበውም። ከዚያ ቁራጮቹ ቦይ ባለው ቀጭን እርሳስ እየተያያዙ፣ መጋጠሚያዎቹም እየተበየዱ አንድ ክፈፍ ይሆናሉ። እርሳስ ለስላሳ በመሆኑ ብቻውን ያን ክብደት አይሸከምም። ስለዚህ ክፈፉ ሁሉ በብረት አጥንት ላይ ይታሰራል። ከውስጥ የቆመ ሰው ቀለሙን ብቻ ነው የሚያየው፤ ሥዕሉን የሚሸከመው ግን ብረቱ ነው።

ከዚህም የሚያስደንቀው፣ ቀለሙ ራሱ የማዕድን ሥራ መሆኑ ነው። መስታወት የሚሠራው ከአሸዋ፣ ከሶዳና ከኖራ ድንጋይ በብርቱ እሳት ቀልጦ ነው። በዚያ ላይ ኮባልት ቢጨመርበት ጥልቅ ሰማያዊ፣ መዳብ ቢጨመርበት እንደ አቀላለጡ አረንጓዴ ወይም ቀይ፣ ማንጋኒዝ ቢጨመርበት ሐምራዊ፣ ጥቂት ወርቅ ቢጨመርበት ደግሞ ቀላ ያለ ጽጌረዳ ይሆናል። ተራው የመስኮት መስታወት ጠርዙ ወደ አረንጓዴ የሚያደላው በአሸዋው ውስጥ ያለው ጥቂት ብረት ነው። ልጆች ይህንን በቤታቸው መስኮት ተመልክተው ሊያረጋግጡ ይችላሉ።

አዳራሹ ለብዙ ዓመታት ከታደሰ በኋላ በጥቅምት 2017 ዓ.ም. እንደገና ተከፍቷል፤ የመስታወት ሥዕሉም ተጠግኗል። ልጆቹን ይዞ ለመጎብኘት ዕድል ያገኘ ሰው እንዳያልፈው። በመንበረ ጸባዖት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራልም በመጽሐፍ ቅዱስ ታሪክ የተሣሉ የመስታወት መስኮቶች ይታያሉ። ከቀትር በፊትና ከቀትር በኋላ ቢያዩዋቸው አንድ ዓይነት አይደሉም፤ ፀሐይዋ በዞረች ቁጥር ቀለሙ ይለዋወጣል።

«ልጄን ያስተማርኳት ለዚህ ነው?»

ወደ መካነ ሰላሙ ወርክሾፕ እንመለስ። ያን ትልቅ መስኮት የሚሠራው ባለሙያው ብቻ አልነበረም። ጌጡን በወረቀት ላይ የነደፈችው፣ ቱቦላሬውንም የምትቆርጠው የእኅቱ ልጅ፣ የ19 ዓመት ወጣት ናት። የ12ኛ ክፍል ፈተና ወስዳ የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ውጤት አልመጣላትም። በዚህ ብቻዋን አይደለችም። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ወጣቶች መካከል 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ፤ በተከታዮቹም ዓመታት ቁጥሩ ዝቅተኛ ነበር። በመላ አገሪቱ «ልጄ እንግዲህ ምን ይሁን?» የምትል እናት ስንት ናት!

እናቷ በዚያን ቀን መጥታ ነበር። ነጠላዋን አጣፍታ ከበሩ ላይ ቆመች እንጂ ወደ ውስጥ አልገባችም። «ግቢ እንጂ እኅቴ» ቢላትም እንቢ አለች። ኋላም ለእኛ፣ «ልጄን እስከ አሥራ ሁለት ያስተማርኳት ብረት ልትቀጠቅጥልኝ ነው? ወንዱ በሠራው ምን ገደደኝ፤ ሴት ልጅ ግን… ሰውስ ምን ይላል?» አለችን። ልጅቷ መነጽሯን ግንባሯ ላይ አውጥታ፣ «እማዬ፣ ሰው ከሚለው ይልቅ ሥራዬን እይልኝ» አለቻት። አጎቷም «አብሽሪ፤ እጇ ከእኔ ይልቅ የተባረከ ነው» ብሎ አከለ።

የእናቲቱ ሐሳብ ከምንም የመጣ አይደለም። በአገራችን ብረት ሠሪው «ቀጥቃጭ»፣ «ጠይብ»፣ ሲብስም «ቡዳ» እየተባለ ሲናቅ ኖሯል። ማረሻውን፣ ማጭዱን፣ ቢላዋውንና የጉልላቱን መስቀል ከእጁ ተቀብለን፣ ልጁን ግን ለልጃችን አንሰጥም ብለናል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ሠራተኛን በሙያው መስደብን ከልክለው ነበር። ከዚያ ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ አልፏል፤ ስድቡ ግን ከአንዳንዶቻችን አፍ ጨርሶ አልወጣም። አዋጅ አደባባዩን ያዝዛል፤ ምድጃ ዳር የሚወራውን ግን የሚያቃናው እናት ናት። ልጅ የሙያን ክብር ወይም ንቀት የሚማረው ከእናቱ አፍ ነው።

«የሴት ሥራ አይደለም» የሚለውም ቢሆን በሥራ ተረትቷል። በአየርላንድ ዋና ከተማ በደብሊን፣ ሣራ ፐርሰር የተባለች ሠዓሊ እ.ኤ.አ. በ1903 የመስታወት ሥዕል ሠሪዎች የኅብረት ወርክሾፕ አቋቁማ ነበር። በኋላ በዚያ ከሠሩት አንዷ ኤቪ ሆን በልጅነቷ በፖሊዮ ታማ እየተቸገረች የምትራመድ ሴት ነበረች። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት፣ እ.ኤ.አ. በ1940፣ በእንግሊዝ አገር የኢተን ኮሌጅ የጸሎት ቤት መስኮቶች በቦምብ ሲረግፉ፣ የታላቁን የምሥራቅ መስኮት አዲስ ሥዕል እንድትሠራ የተመረጠችው እርሷ ናት፤ ሥራውንም እ.ኤ.አ. በ1952 ፈጸመች። ጦርነት የሰበረውን ያቀናችው አንዲት ደካማ እግር ያላት ሴት ናት።

ለጤና ጥንቃቄ

ልጇ ወደዚህ ሙያ የሚገባ እናት ልታውቀው የሚገባ ነገር አለ። የብየዳ ብልጭታ ዓይንን ያቃጥላል። ሕመሙ ወዲያው ሳይሆን ከጥቂት ሰዓት በኋላ፣ ብዙውን ጊዜ ሌሊት፣ አሸዋ ዓይን ውስጥ የገባ ያህል ሆኖ ይመጣል። የሚበይደው መከላከያ መስታወት ያለው ጭንብል፣ የሚቆርጠውም የዓይን መነጽር ሳያደርግ ሥራ መጀመር የለበትም። በመንገድ የሚያልፉ ልጆችም ብልጭታውን ቆመው እንዳያዩ መከልከል ያስፈልጋል።

ነጭ ቅብ ያለው ብረትና ቆርቆሮ ሲበየድ የሚወጣው የዚንክ ጢስ ደግሞ ማታ ማታ እንደ ወባ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ያስይዛል። «ወተት ጠጥቶ ይሻለዋል» የሚለው ልማድ የተስፋፋ ነው። ወተት ምግብ ስለሆነ መጠጣቱ አይከፋም፤ የተተነፈሰውን ጢስ ግን አያወጣም። መፍትሔው ቅቡን ሞርዶ ማስለቀቅ፣ ነፋስ በሚያገኘው ቦታ መበየድና ጢሱን ከፊት አለማድረግ ነው። የተሰበረ መስታወትም ቢሆን በእጅ አይለቀምም፤ ደቃቁ በእርጥብ ወረቀት ተሰብስቦ በወፍራም ወረቀት ይጠቀለላል፤ ቆሻሻ ለሚያነሣውም ሰው ይነገረዋል። እርሱም የሚጎዳ እጅ አለውና።

መስታወትና ሰላም

መስታወት ከሁሉ አስቀድሞ የሰላም ዕቃ ነው። ጦርነት ሲመጣ መጀመሪያ የሚረግፈው እርሱ ነው። ፈረንሳዮች እ.ኤ.አ. በ1939 ጦርነቱ በደረሰ ጊዜ የሻርትር ካቴድራልን የመካከለኛው ዘመን መስኮቶች አንድ በአንድ አውርደው ደብቀው ነበር፤ ሰላም ሲሆን መልሰው ሰቀሏቸው። በእኛም አገር በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴንና ሌላውን የወሎ ምድር ባዳረሰ ጊዜ፣ ስንት መስኮት እንደረገፈና ስንቷ እናት በመስታወቱ ፋንታ ላስቲክ ወጥራ ክረምቱን እንዳሳለፈች የአገሩ ሰው ያውቀዋል። የመካነ ሰላሙ ባለሙያም፣ «ሰው መስታወት ሲያዝዘኝ ደስ ይለኛል። ነገ ደኅና ነው ብሎ ያላሰበ ሰው መስታወት አያስገባም፤ ቆርቆሮ መትቶ ይዘጋል» ሲል ሰማነው።

ወጣቷ የነደፈችው መስኮት ያን ዕለት ማታ ላይ አለቀ። መካከሉ የገብስ ዛላ ነው፤ ግራና ቀኙ በሐረግ ተጠላልፏል፤ ከላይ ያለችው ጠባብ ክፍል በብጫና በአረንጓዴ መስታወት ተሞልታለች። ከአፍሪካ አዳራሹ ሥዕል ጋር ሲነጻጸር ከባሕር እንደ ጠብታ ነው። ግን መለካቱ፣ መቁረጡ፣ ብረቱ የሚሸከመው ሸክምና ብርሃኑ የሚያልፍበት ብልኀት ያው ነው። አፈወርቅ ተክሌም ማዕድን እንዲማሩ ተልከው ሥዕል ሲመርጡ ያዘነ ዘመድ ሳይኖር አልቀረ ይሆናል።

እናቲቱ እስካሁን ሙሉ በሙሉ አልፈቀደችም። «ለአንድ ዓመት ትሞክር፤ ከዚያ የቴክኒክና ሙያ ትምህርት ቤት ገብታ የምስክር ወረቀት ታምጣ» ብላለች። መልካም ውሳኔ ነው። ልማድና ትምህርት ሲደጋገፉ ሙያው ይጸናል፤ ክፍያውም ይሻሻላል። ሥዕልና ንድፍ የሚያዘነብል ልጅ ያላቸውም በአዲስ አበባ አለ ፈለገሰላም የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት መኖሩን ቢያስታውሱ ይጠቅማል።

እንግዲህ እኅቶቻችን፣ ልጃችን ከብረት ወይም ከመስታወት ጋር የሚውል ሥራ እወዳለሁ ሲል ወይም ስትል፣ አስቀድመን «ሰው ምን ይላል» ከማለት፣ «መነጽር አድርገሃል? ማን ያስተምርሻል? ሥራሽን አሳዪኝ» ብለን ብንጠይቅ ይበልጣል። በየመንገዱ ስናልፍ በየበሩና በየመስኮቱ ላይ ያለውን የብረት ሐረግ ለልጆቻችን እናሳያቸው፤ የሠራው ሰው ስም ከተገኘም እንንገራቸው። ነገ የትልልቆቹን አዳራሾቻችን መስኮቶች በአገር ውስጥ ወርክሾፕ የሚያስጌጥ ትውልድ የሚገኘው፣ ዛሬ የብረት ሠራተኛ ልጅ አንገቱን ሳይደፋ ሲያድግ ነው።